የጠፋበት ሰዓት

ሰዓት ሠሪው ሻማ ሠሪዋ ዘንድ መጀመሪያ የመጣው ለክስ ነው። እሷም በዚያን ዕለት የተመኘችው በመጣበት እግሩ እንዲመለስላት ብቻ ነበር። ኋላ ላይ ሁለቱም ይህን እያነሡ ይስቃሉ፤ በጊዜው ግን የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለችው የሥራ ክፍል ሰሙ በድስት፣ ድስቱም በፈላ ውሃ ላይ ተቀምጦ ይቀልጣል። እሷ የብረት ቅርጾቿን ደርድራ፣ በየቅርጹ መሐል ክር ወጥራ፣ ሰሙ እስኪደርስ ትጠብቃለች። በሩ ተንኳኳና አንድ ቀጠን ያለ ወጣት ገባ። በአንድ እጁ ግማሹ የነደደ ሻማ፣ በሌላው ቁራጭ ወረቀት ይዟል።

«ይህን ሻማ የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«ምን ሆነ?»

«ጠፋ።»

«ሻማ ነው እኮ፤ ይጠፋል።»

«እፍ ሳይሉት?» አለና ወረቀቱን አነበበላት። «የበራበት ሰዓት፦ ዘጠኝ ከአሥር። የጠፋበት ሰዓት፦ አሥር ከሠላሳ አምስት። ንፋስ፦ የለም። የነካው ሰው፦ የለም።» ወረቀቱን አጠፈና ቀጠለ። «መብራት ሄዶ የእጅ ሰዓት እየፈታሁ ነበር። ከሰሊጥ የምታንስ ብሎን ጣቴ ጫፍ ላይ ነበረች። ሻማው ሲጠፋ እሷም አብራ ጠፋች።»

«ታዲያ ብሎኗንም እኔ ልፈልግልዎት?»

«አይ፣ አግኝቻታለሁ። ካልሲዬ ውስጥ ነበረች።»

ይህን ያለው ፈገግ እንኳ ሳይል ነው። ሻማ ሠሪዋ ሳቋ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከሳሽ ፊት መሳቅ ጥፋትን ማመን ስለመሰላት ዋጠችው።

መንገዱ ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቅ ሰዓት የሚጠግነው ሰው ይሄ መሆኑን ያወቀችው በወረቀቱ ነው። ሰፈሩ ደቂቃ እያለ ይጠራዋል። «ቆይ መጣሁ» ያለውን ሰው ሁሉ «በስንት ደቂቃ?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። ቅጽል ስም በማውጣት ረገድ ሰፈር ተሳስቶ አያውቅም።

ጥግ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አባቷ ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ክር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የልጃቸውን የሻማ ክር በሙሉ የሚጎነጉኑት እሳቸው ናቸው። ሦስት ቀጫጭን የጥጥ ክሮች ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ያስሩና አንዱን በአንዱ ላይ እያሳለፉ ይጎነጉናሉ፤ ጣታቸው ከመፍጠኑ የተነሣ ለሚያያቸው ግራ ነው። እንግዳው ሲናገር ግን ጣታቸው ቆመ። የግራ እጃቸውን እጅጌ ሳብ አድርገው የእጅ ሰዓታቸውን ሸፈኑ። ልጃቸው አይታ ነበር፤ በርዷቸው ነው ብላ አለፈችው።

«እንደምን ዋልክ ልጄ» አሉ።

«ደህና ዋሉ አባባ» አለ ሰዓት ሠሪው። ድምፁ ድንገት ዝቅ አለ። ሌላ ቃል ሳይጨምርም ወደ በሩ ዞረ።

«ይቆዩ እስቲ» አለችው። «ያችን ወረቀት ይተዉልኝ።»

እውነቱን ለመናገር ክሱ አዲስ አልነበረም። የማዕዘኑ ምግብ ቤት ባለቤት በየምሽቱ በአሥራ ሁለት ጠረጴዛ ላይ የእሷን ሻማ ታበራለች። ከአሥራ ሁለቱ አምስት ስድስቱ እንግዳው ምግቡን ሳይጨርስ ጭል ጭል ይሉና በገዛ ሰማቸው ውስጥ ይሰጥማሉ። ሴትዮዋ ነገር አታንዛዛም። «ልጄ፣» ብላታለች፣ «ትናንት አንዱ ተንበርክኮ ‹ታገቢኛለሽ?› ብሎ ሲጠይቅ ሻማሽ ድርግም አለ። ልጅቷ ሳቀች። ሰውዬው አልሳቀም። እስከ ወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ካላስተካከልሽው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ይህን ያህል የሚወስድ ሌላ ደንበኛ የለም። ምግብ ቤቱ ከሄደ የሥራ ክፍሏ ተዘጋ ማለት ነው። ሌላ ከተማ የምትኖር ታላቅ እህቷ ደግሞ ይህንኑ እየጠበቀች ነው። «አባባን ይዘሽ ነይ፣ እኔ ጋ ትኖራላችሁ፣ እድሜ ልክሽን ሰም ስታንጠባጥቢ ልትኖሪ ነው?» ስትል ዓመት ሞላት። እህት ክፉ አይደለችም። ቢሆንም ሻማ ሠሪዋ በሃያ ሰባት ዓመቷ በሰው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ቴሌቪዥኑን ልቀንሰው ወይ?» እያለች መኖር አልፈለገችም። ድስቷንም ሚስማሯንም ትወዳለች።

የሻማ በሽታ ብዙ ዓይነት ነው። ክሩ ከወፈረ እሳቱ ይረዝምና ጥቀርሻ ይተፋል፣ ጫፉ ላይም እንጉዳይ የመሰለ ቋጠሮ ያበቅላል። ክሩ ከቀጠነ እሳቱ መሐሉን ብቻ ቆፍሮ ይወርዳል፣ ዳር ዳሩ ሳይቀልጥ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። ሳይከረከም የተለኮሰ ክር ይጨሳል። ይህን ሁሉ ታውቃለች። የአሁኑ ግን ከእነዚህ አንዱንም አልመሰለም። ሻማው ደህና ይነድና ይነድና ድንገት እሳቱ ስንዴ ያክላል፣ ቀጥሎ ይጠፋል። ደግሞ ሁሉም አይደለም። በአንድ ቀን ከአንድ ድስት ከተቀዱት ሁለት ሻማዎች አንዱ እስከ ታች ነዶ ያልቃል፣ ወንድሙ መንገድ ላይ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለማያውቁት ሰው ለምን እንዳስረዳች ራሷም አልገባትም። ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«ሰዓትም እንዲሁ ነው» አለ። «ሁልጊዜ የሚዘገይ ሰዓት ቀላል ነው። አንዳንዴ የሚዘገየው ነው ሰውን የሚያሳብደው። ቁጥር ይስጧቸው።»

«ለማን?»

«ለሻማዎቹ። ሲቀዱ በተራ ቁጥር ይስጧቸው። በቀን ሁለት ሁለት እኔ ሱቅ ይንደዱ። ሰዓቱን እጽፋለሁ።»

«እርስዎ ምን አደከመዎት?»

«ሌላ ብሎን እንዳይጠፋብኝ ነው» አለ። ይህን ጊዜ ግን ፈገግ አለ።

በማግስቱ ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለትን ወሰደችለት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሽርጧን ፈታ መንገዱን ትሻገራለች። በጠባቧ ሱቅ ግድግዳ ላይ ሠላሳ ያህል ሰዓቶች ተሰቅለዋል፤ ሁሉም የየራሳቸውን ሰዓት ይናገራሉ። ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ አጣብቆ ያጎነብሳል። ከጠረጴዛው ዳር ሁለት ሻማ ይነዳል።

«ለምን አንድ ላይ አይሞሏቸውም?» አለችው አንድ ቀን ወደ ግድግዳው እያየች። «ጆሮዎን አያደነቁሩዎትም?»

«አንድ ላይ ቢሆኑ ነበር የሚያደነቁሩኝ። አሁን ይጫወታሉ።»

እርስዎ መባባሉን የተዉት በአራተኛው ቀን ነው። የቀለጠ ሰም እጁ ላይ ሲፈስበት «ኧረ እጅህን!» ብላ ጮኸች፤ እጁን ይዛ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ሰሙ ከረጋ፣ ቃጠሎው ከበረደ በኋላም እጁ እጇ ውስጥ ቆየ። ሁለቱም ወደ ውሃው ያዩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀን ማንኛቸውም ወደ እርስዎ አልተመለሱም።

በስድስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ሆነ። ሰዓት ሠሪው የጠፋ ሻማ አንሥቶ ዙሪያውን በቢላ ላጠው። ክሩን አወጣና በመነጽሩ ሥር አስቀምጦ ብዙ ጊዜ አየው።

«የሚጎነጉኑት አባትሽ ናቸው?»

«ማን ሊነካባቸው! ከእሳቸው ሌላ ክር የነካ ሰው ጦር የመዘዘ ነው።»

«ብቻቸውን?»

«ብቻቸውን። ምነው?»

መነጽሩን ከዓይኑ አነሣ። ሰዓቶቹ ሲያወሩ ቆዩ። «ዘይቱ ይመስለኛል» አለ በመጨረሻ። «ለመዓዛ የምትጨምሪው ዘይት በዝቷል።»

አመነችው። ዘይቱን ቀነሰች፤ ቁጥር አሥራ አራት ጠፋ። «እንግዲያው ሰሙን ሞቅ እንዳለ ቅጂው» አላት። ሞቅ አድርጋ ቀዳች፤ ቁጥር አሥራ ሰባት ጠፋ። «ንፋስ ይሆናል፣ በደንብ ሳይረጋ ንፋስ እየነካው ነው» አላት። የሥራ ክፍሏን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርዳ በዚያ ሙቀት ላብ በላብ ሆነች፤ ቁጥር ሃያ አንድም ጠፋ። ሰዓት ሠሪው ምክር በሰጣት ቁጥር ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ይጥላል። ዓይን አፋርነቱ ነው ብላ ወደደችለት። ሰው ሲወድ ጥፋትን ሁሉ እንደ ጸባይ ነው የሚቆጥረው።

መውደዷን መካድ አልቻለችም። ቀኑ አሥር ሰዓት እስኪሆን ይረዝምባታል፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ የት እንደሚገባ አታውቀውም። አንድ ቀን ዝናብ ይዟት ሱቁ ውስጥ አመሸች። ሁለቱ ሻማዎች አጠገብ ላጠገብ ይነዳሉ። 

«እስኪጠፉ እየጠበቅን ነው አይደል?» አለች።

«እኔ እንኳ እንዲጠፉ አልፈልግም» አለ። ወዲያው የሆነ ጥርስ ያለው ቅንጣት ብረት አንሥቶ በጨርቅ ይወለውል ጀመር።

ወሩ ሊያልቅ ስምንት ቀን ሲቀረው ሻማ ሠሪዋ በራሷ መንገድ ለመሄድ ቆረጠች። አባቷ ለከሰዓት እንቅልፍ ገብተዋል። ሰዓት ሠሪው ጽፎ የሰጣትን፣ ከቁጥር አንድ እስከ ቁጥር ሃያ አራት የጠፉትንም የነደዱትንም ወረቀቶች አወጣች። የእነዚህን ሻማዎች ክር ከአንድ ጥቅልል እየቆረጠች በተራ ስለምትወጥር፣ ቁጥራቸውን ተከትላ ብትደረድራቸው ጥቅልሉ እንደገና የተዘረጋ ያህል ነው። ወለሉ ላይ ረጅም ሲባጎ ዘረጋች። የእያንዳንዱን ሻማ ክር ርዝመት፣ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት፣ በሲባጎው ላይ ለካች። ከዚያ እያንዳንዱ የጠፋበትን ቦታ፣ ከነደደበት ሰዓት እያሰላች፣ በከሰል ምልክት አደረገችበት።

ምልክቶቹ ያለ ሥርዓት የተበተኑ አልነበሩም። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁሉ እኩል ነበር።

ተንበርክካ በክንዷ ለካችው፤ ከክርኗ እስከ መሐል ጣቷ ጫፍ። አልደረሰላትም፤ ሁለት ጣት ያህል ቀራት። እንደገና ለካች። ርቀቱ ክንድ ነው፣ ግን የእሷ ክንድ አይደለም። ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ያለውን ሚስማር አየች። አባቷ አንድ ክንድ በጎነጎኑ ቁጥር፣ በክርናቸው ለክተው፣ ጉንጉኑን ሚስማሩ ላይ ይጠመጥሙና ሦስቱን ክሮች እንደገና ይይዛሉ። እንደገና ሲይዙ በዓይናቸው አይተው ነበር የሚይዙት።

ከጠፉት ሻማዎች አንዱን ሰብራ ክሩን አወጣችና ከምልክቱ ቦታ ላይ በጥፍሯ ፈታችው። እዚያ ቦታ ላይ፣ ለጣት ወርድ ያህል፣ ሁለት ክር ብቻ ነበር የተጎነጎነው። ሦስተኛው ተዘልሏል። እሳት ሦስት ክር ስቦ የሚያጠጣው ሰም በሁለት ሲሆን አይበቃውም፤ ይኮሰምንና ይሰጥማል። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ሰዓት ሠሪው ደግሞ ይህን በመነጽር አይቶታል።

ሽርጧን ሳትፈታ መንገዱን ተሻገረች።

«ያውቁ ነበር?» አለችው ገና በሩ ላይ።

ሰዓት ሠሪው የተጠየቀውን ከመስማቱ በፊት እርስዎ መባሉን ሰማ። የያዘውን አስቀመጠ። «አውቅ ነበር» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ክሩን ካየሁበት ቀን ጀምሮ። ዓይናቸው መድከሙን ግን ከዚያም በፊት አውቅ ነበር። አንቺን ሳላውቅሽ እዚህ መጥተው የሰዓታቸውን መስታወት አንሣልኝ አሉኝ። ለምን ብላቸው ‹በጣቴ ላነበው ነው› አሉ። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። የማን አባት እንደሆኑ ያወቅኩት ልከስሽ የመጣሁ ቀን ነው።»

የተሸፈነችው ሰዓት ትዝ አለቻት። በርዷቸው ነው ብላ ነበር። 

«ምስጢር መጠበቅ አንድ ነገር ነው» አለች። «እርስዎ ግን ዘይት ነው አሉኝ። ንፋስ ነው አሉኝ። መስኮቴን በብርድ ልብስ ጋርጄ ስንገበገብ እያዩ ዝም አሉ። ወሩ እያለቀ እንደሆነ ያውቃሉ። ለአባቴ ብለው ነው ወይስ ለራስዎ?»

«መጀመሪያ ለእሳቸው ነበር።» ሰውዬው ቁጥር ላይም ስሜት ላይም ማጭበርበር አይችልበትም። «በኋላ ግን... ሻማው ከተስተካከለ አትመጪም ብዬ ፈራሁ።»

ከአንድ ሰዓት በፊት ቢላት ኖሮ ይህ ቃል ክንፍ ያበቅልላት ነበር። አሁን ቆሽቷን አሳረረው። ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ወረቀቶች ሰበሰበች።

«ሁሉም ሰዓት በትክክል ነው የተጻፈው» አለች። «ያገኘሁትም በእሱ ነው። ይህን ያህል እውነት የሚጽፍ ሰው እንዴት ይህን ያህል ይዋሻል?»

ወረቀቶቹን ይዛ ወጣች። 

ስትመለስ አባቷ ከእንቅልፍ ተነሥተው ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሚስማሩ ላይ አዲስ ክር አስረዋል። አጠገባቸው ተቀመጠችና ግራ እጃቸውን ያዘች። እጅጌውን ገለጠችው። መስታወት የሌላት ሰዓት ናት፤ ቆጣሪዎቿ በጣት ከመዳበስ ብዛት ለስልሰው ያበራሉ። ጣቷን አሳረፈችባቸው።

አባቷ የያዙትን ክር ለቀቁት። «ያ ልጅ ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። ዋሸኝ እንጂ አልነገረኝም። ክሩ ነው የነገረኝ።»

«ጥሩ ልጅ ነው» አሉ። ከዚያ ጉንጉኑን በሁለት ጣት እየዳበሱ፣ «አንዷ ትዘለኛለች አይደል? ጠርጥሬ ነበር። እንደገና ስይዝ፣ መያዣው ላይ ነው አይደል?»

«ለምንድን ነው ያልነገርከኝ አባዬ?»

«ለእህትሽ ትነግሪያታለሽ። እህትሽ በማግስቱ መኪና ይዛ ትመጣለች። እኔን በአንድ ወንበር አንቺን በሌላ ወንበር ታስቀምጠናለች። ሞልቶ የተረፈ ፍቅር ነው፤ አልከፋኝም። ግን እኔ ክር ከእጄ ከወጣ ምን ይቀረኛል? አንቺስ በእኔ ምክንያት ድስትሽን ገልብጠሽ ብትሄጂ በየትኛው ዓይኔ አይሻለሁ?» ብለው ራሳቸው ሳቁ።

እሷ ግን አለቀሰች። እንዳይሰሟት ድምጿን አፍና ነበር። የደከመው ዓይናቸው እንጂ ጆሯቸው ደህና መሆኑን ረስታዋለች። አባቷ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጡ።

ሌላ ሰው እንዲጎነጉን ማድረግ ይቻል ነበር። እሷ ራሷ መጎንጎን ትችል ነበር። አንዱም ከአፏ አልወጣም።

ሁለት ቀን ወደ ሱቁ አልሄደችም። በሦስተኛው ቀን አባቷ ኮታቸውን ለብሰው ብቻቸውን ወጡ፤ «ሰዓቴን ላስተካክል ነው» አሉ። መንገዱን በእርምጃ ስለሚያውቁት ልጃቸው በመስኮት ከማየት በቀር አልተከተለቻቸውም። ሲመለሱ በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ይዘዋል።

«ከመሐላው ፈታሁት» አሉ። «እሱ ደግሞ ይህን ሠርቶ ጠበቀኝ።»

ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት የተቆረጠ፣ የማስታወሻ ደብተር ሽፋን የማያክል የነሐስ ቁራጭ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ ዳሯ እንዳይቆርጥ ተሞርዷል። አባቷ ሚስማሩ ላይ ያለውን ጉንጉን ጫፍ በቀዳዳዋ አሳለፉና ሳቡ። ሦስት ክር በሆነበት ቦታ ቀዳዳዋ ጉንጉኑን ቆንጥጣ እምቢ ትላለች፣ በትግል ነው የምታሳልፈው። መያዣው ላይ ሲደርስ ግን ሸተት አለ።

«እሰይ!» አሉ አባቷ። «ይቺውላችሁ ሌባዋ!»

ፈቱት፣ ሦስተኛዋን ክር መልሰው ያዙ፣ እንደገና ጎነጎኑ፣ እንደገና ሳቡ። ቆነጠጠች። ፊታቸው ላይ ከስንት ወር በፊት ጠፍቶ የነበረ ነገር ሲመለስ ልጃቸው አየች። እስከ ማታ ስድስት ጊዜ ሸተት አለ፤ ስድስቱንም ያዙት።

ሻማ ሠሪዋ የነሐሱ መጠቅለያ የነበረውን ወረቀት ከወለል አነሣች። በሰዓት ሠሪው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ማክሰኞ። ሻማ፦ የለም። አሥር ሰዓት ላይ በሩን አየሁ። አሥር ከሠላሳ ላይ በሩን አየሁ። አሥራ ሁለት ላይ ዘጋሁ። ረቡዕ፦ እንደ ማክሰኞ። ዋሽቼሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ላይ «እንደ ማክሰኞ» የምትለዋ አንጀቷን በላቻት። አልቸኮለችም ግን፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፣ ሰም የሚቀዳ ሰው ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። መጀመሪያ ሻማዎቹን ቀዳች። ዐርብ ጠዋት በወረቀቱ ጀርባ አንድ መስመር ጽፋ ሱቁ ሳይከፈት በበሩ ሥር አስገባችው፦ «ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ምግብ ቤቱ። እስክሪብቶ ይዘህ ና።»

ሰዓት ሠሪው ያችን «ና» ቆሞ አነበባት። ከዚያ ተቀምጦ አነበባት።

ቅዳሜ በአሥራ ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ሁለት ሻማ በራ። አሥራ ሦስተኛውን፣ አባቷ ለመጠባበቂያ ብለው የጨመሩትን፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። «እዚህ ተቀመጪና የሥራሽን ፍሬ እዪ» አለቻት። «ሦስት ሰዓት ላይ እንዘጋለን። ያኔ እንነጋገራለን።»

ሰዓት ሠሪው በሰዓቱ መጣ። ሌላ ነገር የጠበቀም አልነበረም። ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ወረቀት አወጣ። ጻፈም፦ «ቁጥር አሥራ ሦስት። የበራበት ሰዓት፦ አሥራ ሁለት ከአምስት። የጠፋበት ሰዓት፦» እስክሪብቶውን ከጎኑ አስቀመጠ።

 እሷ ዓይኗ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። የመስኮቱ ሻማ አንዴ ሲርገበገብ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ አስተናጋጁ አልፎ ነው። አንድ ሰዓት አለፈ። አንድ ተኩል አለፈ፤ ክፉው ጊዜ ነበር። አንዱም አልሰጠመም። የምግብ ቤቱ ባለቤት በአጠገባቸው ሦስት ጊዜ አለፈች፤ ምንም አላለችም። ለእሷ ይህ ምርቃት ነው።

«ሌላ ጊዜ ሰው ቢያስምልህስ?» አለች ሻማ ሠሪዋ።

አስቦበት እንደነበር ያስታውቃል። «‹አውቃለሁ፣ ግን አልነግርሽም› እልሻለሁ። ዘይት ነው አልልሽም።»

«እኔ ደግሞ እጨቀጭቅሃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አድርቄህ ነው የምውለው።»

«ይሁን» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ሳይጥል፣ ቀጥ ብሎ እያያት፣ «እወድሻለሁ» አላት።

ፊቷ ጋለ። ሰም ሲቀልጥ ስታይ ለኖረች ሰው ሙቀት አዲስ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም እጇን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። «በስንት ሰዓት ጀመረህ?» አለችው ለመቀለድ።

«አሥራ አንድ ከሩብ ላይ» አለ ወዲያው። «‹ብሎኗንም እኔ ልፈልግልዎት?› ስትይኝ።»

ያን ዕለት የዋጠችውን ሳቅ አሁን ሳቀችው። አሥራ ሁለቱም ጠረጴዛ ዞር ብሎ አየ። እጇን የምታስቀምጥበት ቦታም ተገኘ፤ እጁ ላይ አስቀመጠችው። «እኔ እንደ አንተ አልጻፍኩትም» አለች። «ውሃው ውስጥ እጅህን ይዤ የቆየሁ ዕለት ግን ገብቶኛል። ወድጄሃለሁ። ተናድጄብህም ሳለ ወድጄህ ነበር፤ እሱ ነው ያናደደኝ።»

ከዚያ በኋላ ያወሩት የሁለቱ ነው። ስለ ሠላሳው ሰዓት አወሩ፣ ስለ እህቷ ሶፋ አወሩ፣ ስለ ሚስማሩ አወሩ። ቀና ሲሉ የምግብ ቤቱ ባለቤት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ወንበሮቹ ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ወጥተዋል።

«ልዘጋ ነው እኮ» አለች። «አሥራ ሁለቱም እስከ ታች ነደዋል፤ አንድ ሰው አላማረረኝም። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ለበረንዳውም ትሠሪልኛለሽ። አሁን በሉ ተነሡልኝ።»

አባቷ የቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ጣታቸው ሰዓታቸው ላይ ነው። «አራት ሰዓት ሊሆን ነው» አሉ። «እህ?»

«ሁሉም ነደዱ አባዬ። አሥራ ሁለቱም። በረንዳውንም ጨመረችልን።»

አባቷ በሩን ደገፍ አሉ።  ለእህት ስልክ የሚደወለው ነገ ነው፤ ስለ ዓይናቸውም ስለ ነሐሷም እሳቸው ራሳቸው እንደሚነግሯት ከወሰኑ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል።  «አሥራ ሦስተኛዋስ? የኔዋስ? ስንት ሰዓት ጠፋች?»

ሻማ ሠሪዋ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። «የበራበት ሰዓት፦ አሥራ ሁለት ከአምስት» ይላል። ከዚያ በታች ያለው ባዶ ነው። ከምግብ ቤቱ ሲነሡ ፊታቸው የቀረው የረጋ ሰም ብቻ ነበር፤ ቀዝቅዟል፣ መቼ እንደቀዘቀዘ ማንኛቸውም አያውቁም።

«አላየነውም አባዬ» አለች።

«ደቂቃም አላየው?»

«እሱም አላየውም።»

አባቷ ቆም ብለው አሰቡና እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጨለማው፣ ወደ አጥሩ በር አዞሩ። እዚያ አንድ ሰው ክብደቱን ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው እያዛወረ መቆሙን ከመጣ ጀምሮ ሰምተውታል።

«ታዲያ ምን አቆመህ ልጄ» አሉ። «ግባ እንጂ።»